ዳታውን ማን በላው? የቤት ዋይፋይ ፍጆታን ከራውተር እስከ ስልክ ለመቁጠር

ወሩ ሳይጋመስ ጥቅሉ ሲያልቅ፣ ወይም ማታ ማታ ቪዲዮው እየዞረ ሲቀር፣ አብዛኛው ቤት የሚያደርገው ከፍ ያለ ጥቅል መግዛት ነው። ካልሆነም ልጆቹን መቆጣት። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ሳይቆጥሩ የተወሰኑ ናቸው። ቆጠራው ደግሞ ሙያ አይጠይቅም። አንድ ስልክ፣ አንድ ወረቀትና አንድ ሙሉ ቀን ይበቃዋል፤ የሚከፈልበት ሶፍትዌርም አያስፈልግም።

መጀመሪያ ግን ችግራችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩ። 4ጂ ወይም 5ጂ ራውተር ይዛችሁ፣ ወይም በስልክ ሆትስፖት፣ በጊጋባይት የተሸጠ ጥቅል የምትጠቀሙ ከሆነ ጥያቄው «ስንት ጊጋ ወጣ? ማን አወጣው?» ነው። የፋይበር ወይም የመደበኛ ስልክ መስመር ኢንተርኔት ያለው ቤት ግን በየወሩ የሚከፍለው ለፍጥነቱ ነው። ስለዚህ የእሱ ጥያቄ «አሁን በዚህ ሰዓት መስመሩን የያዘው ማነው?» ይሆናል። የጥቅል ተጠቃሚዎች እስከ ደረጃ 4 ያለውን በደንብ ሥሩ፤ ፍጥነት የሚያማርራችሁ ደረጃ 1ንና 2ን ጨርሳችሁ ወደ ደረጃ 5 መዝለል ትችላላችሁ።

ስለ መለኪያው ትንሽ

አቅራቢው ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው ግን በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 10 ሜጋቢት የተባለ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ያወርዳል። ፊልም ስታወርዱ ስልኩ «1.1 ሜጋባይት በሰከንድ» ካላችሁ መስመሩ ሞልቶ እየሠራ ነው፤ ማንም አላታለላችሁም። ይኸው መስመር ሳያቋርጥ ለአንድ ሰዓት ቢያወርድ 4.5 ጊጋባይት፣ ሙሉ ቀንና ሌሊት ቢያወርድ ደግሞ 108 ጊጋባይት ይበላል። ዊንዶውስ ራሱ እዚህ ላይ ያምታታል፦ ታስክ ማኔጀር ውስጥ የኔትወርኩ ዓምድ በሜጋቢት ሲያሳይ፣ ከጎኑ የሚከፈተው ሪሶርስ ሞኒተር ያንኑ ነገር በባይት ያሳያል።

አንዱ ቆጣሪ ጊጋባይትን በ1000 እያባዛ፣ ሌላው በ1024 እያባዛ ስለሚሄድ በሁለት ቆጣሪዎች መካከል 7 በመቶ ገደማ ልዩነት ብታዩ አትደነቁ።

ለግምት መነሻ የሚሆን አሃዝ ከፈለጋችሁ ኔትፍሊክስ ራሱ የሚሰጠው ጥሩ ነው፦ በዝቅተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 0.3 ጊጋባይት፣ በመካከለኛ እስከ 0.7፣ በኤችዲ እስከ 3፣ በ4ኬ እስከ 7። ዩቲዩብም ሆነ ሌላው ቪዲዮ ከዚህ ዓይነቱ ሚዛን ብዙም አይርቅም። በ128 ኪሎቢት የሚመጣ ሙዚቃ ለአንድ ሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ነው። ጽሑፍ ብቻ የሆነ የቴሌግራም መልእክት እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። በአጭሩ፣ የምትፈልጉት ቪዲዮን ነው፤ ቪዲዮ ካልሆነ ደግሞ ዝመና (አፕዴት) ወይም ወደ ላይ የሚጫን ፎቶ።

ቆጣሪው የት እንዳለ ማወቅ

ጀማሪዎችን በጣም የሚያሳስተው ይህ ነው። አንድ መተግበሪያ ስልክ ላይ ጭናችሁ «የቤቱን ዳታ ቁጠርልኝ» ብትሉት የሚቆጥረው የዚያን ስልክ ብቻ ነው። ተከራይ ያለበትን ግቢ አስቡት፦ ዋናው የመብራት ቆጣሪ የግቢውን ሁሉ ያነባል፣ በየክፍሉ ያለው ንዑስ ቆጣሪ የዚያን ክፍል ብቻ። ኢንተርኔት ላይ ዋናው ቆጣሪ ራውተሩ ነው፤ ንዑሶቹ ስልኮች፣ ላፕቶፖችና ቴሌቪዥኑ ናቸው። ሥራው ሁለቱንም አንብቦ መቀነስ ነው። የጎደለው ቁጥር ባለቤቱን ራሱ ይጠቁማችኋል።

ደረጃ 1፦ ራውተሩ ውስጥ መግባት

በቤቱ ዋይፋይ በተገናኘ ስልክ ሴቲንግን ክፈቱ፣ ዋይፋይ ውስጥ ግቡና የቤታችሁን ኔትወርክ ስም ንኩ። አንድሮይድ ላይ «ጌትዌይ»፣ አይፎን ላይ «ራውተር» ከሚለው ጎን የተጻፈው ቁጥር የራውተሩ አድራሻ ነው። የሁዋዌ 4ጂ ራውተር ብዙውን ጊዜ 192.168.8.1፣ የሁዋዌ ፋይበር ሳጥን 192.168.100.1፣ ቲፒ-ሊንክ ደግሞ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ይጠቀማል። ቁጥሩን ብራውዘር ላይ፣ የድረ ገጽ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ጻፉት። ገጹ አልከፈት ካለ የስልኩን ሞባይል ዳታ አጥፍታችሁ ሞክሩ።

የሚጠየቀው የመግቢያ ስምና ፓስዎርድ ራውተሩ ሲገለበጥ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ልብ በሉ፣ ዋይፋይ ለመገናኘት የምትጽፉት ፓስዎርድና ይህ የመግቢያ ፓስዎርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከገባችሁ በኋላ መጀመሪያ የመግቢያውን ፓስዎርድ ቀይሩና የሆነ ቦታ ጻፉት። እንግዳ ሆኖ ዋይፋይ የተሰጠው ሰው ሁሉ ወረቀቱን ገልብጦ ማየት ይችላል።

አሁን «ስታቲስቲክስ»፣ «ትራፊክ» ወይም «ስታተስ» የሚል ገጽ ፈልጉ። ከዚህ በኋላ ያለው በራውተሩ ዓይነት ይለያያል።

ሲም ካርድ የሚገባበት 4ጂ ራውተር ከሆነ እድለኞች ናችሁ። የሁዋዌዎቹ የወሩን ድምር ለብቻው መዝግበው ይይዛሉ፤ ጥቅሉ የሚጀምርበትን ቀንና የጥቅሉን መጠን ሞልታችሁ የተወሰነ መቶኛ ሲደርስ እንዲያስጠነቅቃችሁ ማድረግም ይቻላል። ቀኑ የሚሞላው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «የ30 ቀን» ጥቅል ከፈረንጆች ወር ጋር ሁልጊዜ እኩል ስለማይሄድ ጥቅል በገዛችሁ ቁጥር ቆጣሪውን ዜሮ ማድረግ ይሻላል። ቆጠራው በትክክል መሄዱን ለማረጋገጥ አቅራቢው ቀረ ከሚላችሁ ጋር አንድ ጊዜ አስተያዩት።

የፋይበር ሳጥን ወይም የመደበኛ መስመር ሞደም ላይ ግን ነገሩ ትንሽ ይጠነክራል። «ዋን» (WAN፣ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው መስመር) በሚለው ክፍል ውስጥ የተቀበለውና የላከው በባይት ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ «ፓኬት» የሚለውን ዓምድ ዝለሉት። 9400000000 የሚል ረጅም ቁጥር ካያችሁ ከኋላ ዘጠኝ አሃዝ ቁረጡ፤ 9.4 ጊጋባይት ነው። ችግሩ ይህ ቆጣሪ በብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ከዜሮ መጀመሩ ነው። መብራት ደቂቃ ጠፍቶ ቢመለስ የቀኑ ንባብ ተሰረዘ ማለት ነው። ስለዚህ ከጎኑ «አፕታይም» የሚለውንም አንብቡ፦ ራውተሩ ከበራ ስንት ሰዓት እንደሆነው ይነግራችኋል። ትናንት ማታ የተበራ ራውተር የሳምንቱን ፍጆታ ሊነግራችሁ አይችልም።

የቆዩ ሳጥኖች ሌላም ጠባይ አላቸው። ቆጣሪያቸው 4.29 ጊጋባይት ሲደርስ ሞልቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ያያችሁት ቁጥር ከጠዋቱ ካነሰ፣ መብራትም ካልጠፋ፣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሳጥን ካላችሁ በየሦስት አራት ሰዓቱ እያነበባችሁ ጻፉ፤ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር 4.29 ጨምሩበት።

ደረጃ 2፦ የተገናኘውን ሁሉ በስም ማወቅ

ራውተሩ ላይ «ኮኔክትድ ዲቫይስ» ወይም «ዲኤችሲፒ ክላየንት» የሚለው ዝርዝር በዚህ ሰዓት የተገናኙትን ያሳያል። ወደዚህ ገጽ መግባት ካቃታችሁ «ፊንግ» የተባለው ነፃ መተግበሪያም ተመሳሳይ ዝርዝር ያወጣል። የቤተሰቡ አባል አምስት ሆኖ ዝርዝሩ አሥራ ሁለት ቢሆን አትሸበሩ፤ ቴሌቪዥኑ፣ የደኅንነት ካሜራው፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳው አሮጌ ስልክ ሁሉ ይቆጠራሉ።

ስሞቹ ብዙ ጊዜ የማይነበቡ ናቸው። እያንዳንዱ ዕቃ «ማክ አድራሻ» የሚባል፣ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል የተቀላቀለበት አሥራ ሁለት አሃዝ መለያ አለው፤ ወረቀታችሁ ላይ በዚያ መዝግቡት። ግን ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ያሉ ስልኮች እውነተኛ መለያቸውን ደብቀው ለየኔትወርኩ የተፈጠረ የዘፈቀደ መለያ ይሰጣሉ። የመለያው ሁለተኛ አሃዝ 2፣ 6፣ ኤ (A) ወይም ኢ (E) ከሆነ የዘፈቀደ ነው፤ የቤተሰብ ስልክም ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሰርጎ ገብ ነው አትበሉ። ለቤታችሁ ዋይፋይ ብቻ ይህን መደበቂያ ስልኩ ላይ ማጥፋት ይቻላል፤ ዝርዝሩ ይጸዳል።

ማንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ካለ አንድ በአንድ ማጥፋት ነው። የእማማን ስልክ ዋይፋይ አጥፉ፣ ዝርዝሩን አድሱ፣ የጠፋውን መለያ ጻፉ፤ ቀጥሉ። ሁሉም ጠፍቶ አንድ መለያ ከቀረ የእናንተ አይደለም።

ያ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሌባ ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ ያውም ፓስዎርዱን ራሳችሁ የሰጣችሁት። አንድ ቀን ለአስቸኳይ ጉዳይ ለአንዱ የተሰጠ ፓስዎርድ በግቢው ይዞራል። የዋይፋዩን ፓስዎርድ መቀየር ሁሉንም ያስወጣል። «ቀየርሽብኝ» እንዳትባሉ ግን የተሻለ መንገድ አለ፦ ብዙ ራውተር «ጌስት ኔትወርክ» የሚባል የእንግዳ ዋይፋይ ይከፍታል። ለእንግዳና ለጎረቤት እሱን ስጡ፤ ሲበዛ እሱን ብቻ ዝጉ። እግረ መንገዳችሁን «ደብሊውፒኤስ» የሚለውን አጥፉት። ራውተሩ ላይ ባለ አንድ ቁልፍ ያለ ፓስዎርድ የሚያገናኝ በር ነው።

ደረጃ 3፦ ንዑስ ቆጣሪዎቹን ማንበብ

አንድሮይድ ላይ የሚገኝበት ቦታ እንደ ስልኩ ምርት ስለሚለያይ፣ ሴቲንግ ላይ ባለው የመፈለጊያ ሳጥን «ዳታ ዩሴጅ» ብላችሁ ፈልጉ። ሳምሰንግ ላይ «ኮኔክሽንስ»፣ ከዚያ «ዳታ ዩሴጅ»፣ ከዚያ «ዋይፋይ ዳታ ዩሴጅ» ነው። የሞባይል ዳታውን ሳይሆን የዋይፋዩን ገጽ መክፈታችሁን አረጋግጡ። መተግበሪያዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈው ይመጣሉ። አንዱን ስትነኩ «ባክግራውንድ» የሚል ቁጥር አለ፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሳለ የበላው ነው።

አይፎን ላይ ተስፋ አትቁረጡ እንጂ በዋይፋይ የወጣውን በየመተግበሪያው የሚያሳይ ቦታ የለውም። ሴቲንግ ውስጥ ያለው ቆጣሪ የሞባይል ዳታን ብቻ ያነባል። የአይፎኑ ድርሻ በቅነሳ ነው የሚገኘው።

ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ «ዳታ ዩሴጅ»፤ በዊንዶውስ 11 «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» ውስጥ ነው። የሚታየው ያለፉት 30 ቀናት ነውና ለቀኑ ቆጠራ ጠዋት ያለውን ቁጥር ጽፋችሁ ማታ ቀንሱ። ማክ ላይ «አክቲቪቲ ሞኒተር» ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለው አለ። ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ ምንም አይነግሯችሁም።

ቴሌግራም የራሱን ቆጣሪ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ሰው አይቶት አያውቅም። ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ክፈቱ። ቪዲዮ፣ ፎቶ፣ ፋይል፣ ጥሪ እያለ ለዋይፋይና ለሞባይል ለየብቻ ከፋፍሎ ያሳያል። አሥር ቻናል የሚከታተል ሰው እዚህ ገጽ ላይ የሚያየው ቁጥር ያስገርመዋል፤ ያልከፈተውን ቪዲዮ ሁሉ ስልኩ በራሱ ሲያወርድ ከርሟል።

ደረጃ 4፦ የአንድ ቀን ቅነሳ

ሁሉም ቤት የሚውልበትን ቀን ምረጡ፤ እሑድ ጥሩ ነው። ሥራ ቦታ ወይም ካፌ ዋይፋይ የተገናኘ ስልክ የዚያንም ስለሚቆጥር ቀኑን ያበላሽባችኋል። ጠዋት የራውተሩንና የሁሉንም ዕቃ ንባብ ጻፉ፤ ማታም እንደዚያው። ስልኮች ቀን የሚቀይሩት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ ንባቡን ከዚያ በፊት ጨርሱ።

እንበል፣ ራውተሩ የቀኑን 9.4 ጊጋባይት አለ። የእናት ስልክ 1.1፣ የልጅ ስልክ 2.3፣ ላፕቶፑ 0.9፤ ድምሩ 4.3። ቀሪው 5.1 ጊጋባይት ነው፣ ያልተነበበ ዕቃ ደግሞ ቴሌቪዥኑና አንድ አይፎን ብቻ ናቸው። አይፎኑ ቀኑን ሙሉ ለጥሪና ለመልእክት ብቻ ከነበረ ቴሌቪዥኑ ተያዘ ማለት ነው። ጠዋት የተከፈተ የመዝሙር ወይም የልጆች ዘፈን ዩቲዩብ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየተካ፣ ሳሎን ውስጥ ሰው ሳይኖርም ሲጫወት ይውላል። ጆሮ ብቻ ለሚሰማው ነገር ሙሉ ስክሪን በኤችዲ እየተከፈለበት ነው። በበኩሌ ቤት ውስጥ ቅድሚያ የምጠረጥረው ልጅን ሳይሆን ቴሌቪዥንን ነው።

የዕቃዎቹ ድምር ከራውተሩ ቢበልጥስ? ከስልክ ወደ ላፕቶፕ በዋይፋይ ፋይል አስተላልፋችኋል ማለት ነው። ፋይሉ ከቤት ሳይወጣ ዕቃዎቹ ቆጥረውታል፤ የራውተሩ የኢንተርኔት ቆጣሪ ግን አላየውም። ጥቅላችሁም አልተነካም።

ደረጃ 5፦ አሁን መስመሩን የያዘው ማነው?

ለፍጥነት ችግር የቀን ድምር አይጠቅምም፤ መስመሩ በተጨናነቀበት ሰዓት ላይ መያዝ አለበት። ራውተራችሁ የእያንዳንዱን ዕቃ የአሁን ፍጥነት ካሳየ በቀጥታ እዚያ ላይ ይታያል። የቆዩት የቲፒ-ሊንክ ራውተሮች «ሲስተም ቱልስ» ውስጥ «ስታቲስቲክስ» የሚል አላቸው፤ ካበራችሁት በየአይፒው (ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ በሰጠው አድራሻ) ያለውን ያሳያል። ከሌለ ወደ ማጥፋቱ ዘዴ ተመለሱ፦ ዕቃዎችን አንድ በአንድ ከዋይፋዩ አውጡና መስመሩ የቱ ጋ እንደተፈታ ተመልከቱ።

ላፕቶፑን ከጠረጠራችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አብራችሁ ተጫኑ፤ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። «ኔትወርክ» የሚለውን ዓምድ ራስ ስትጫኑት የሚበዛው ወደ ላይ ይመጣል።

ሰዎች የሚረሱት ወደ ላይ የሚሄደውን ነው። የሠርግ ቪዲዮ የቀረጸ ስልክ ማታ ቤት ገብቶ ዋይፋይ ሲያገኝ ጉግል ፎቶስ መጫን ይጀምራል። አንድ ነገር ለማውረድም ስልኩ «ደረሰኝ» የሚሉ ትናንሽ ምላሾችን ወደ ላይ መላክ አለበትና፣ የመላኪያው መንገድ ሲዘጋ ማውረጃውም አብሮ ይዘጋል። ይህን ለመያዝ ፋስት ዶት ኮም (fast.com) የተባለውን የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ከፍታችሁ ተጨማሪ መረጃ የሚለውን ተጫኑ። መስመሩ ባዶ ሲሆንና ሲጫን ያለውን መዘግየት በሚሊሰከንድ ለየብቻ ያሳያል። ባዶውን 40 ሆኖ ሲጫን 600 ከሆነ ችግሩ የፍጥነት ማነስ ሳይሆን የሰልፍ መብዛት ነው፤ ከፍ ያለ ፍጥነት ከመግዛታችሁ በፊት ፎቶ መጫኑን ሰው ሲተኛ እንዲሆን አድርጉት። የፍጥነት መለኪያ ራሱ ዳታ እንደሚበላ አትርሱ። ፈጣን መስመር ላይ አንዱ ሙከራ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ ጥቅል ተጠቃሚ እየደጋገመ አይጫወትበት።

የተገኘውን መቀነስ

ቴሌግራም ላይ በዋይፋይ በራሱ የሚያወርደውን ቪዲዮ አጥፉ። ቴሌቪዥኑ ላይ የዩቲዩብን የቪዲዮ ጥራት ወደ 480 ዝቅ አድርጉ፣ ተከታዩን በራሱ የሚያጫውተውንም ዝጉ። ዊንዶውስ ላይ የቤቱን ዋይፋይ «ሜተርድ ኮኔክሽን» ካላችሁት ትልልቅ ዝመናዎችን ሳይነግራችሁ አያወርድም። ነገር ግን የደኅንነት ዝመና ለወራት እንዳይቀርባችሁ አልፎ አልፎ ራሳችሁ አስጀምሩት። እዚያው «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባል አለ። ኮምፒውተራችሁ ያወረደውን ዝመና ኢንተርኔት ላይ ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች እንዲልክ የሚፈቅድ ስለሆነ፣ በጊጋ የምትከፍሉ ከሆነ አጥፉት። አይፎን ላይ የቤቱን ዋይፋይ ነክታችሁ «ሎው ዳታ ሞድ»ን አብሩ።

ስለ ቤተሰቡም አንድ ነገር። እስካሁን ያየነው ሁሉ የሚነግራችሁ መጠንን ነው፤ ማን ምን እንዳየ አይደለም። እዚያው ላይ ቢቆም ጥሩ ነው። ቆጠራውን ከመጀመራችሁ በፊት ለሁሉም ንገሩ፤ የቀኑን ወረቀትም ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። ሰው ቁጥሩን ራሱ ሲያየው ያለ ጭቅጭቅ ይቀንሳል፤ ተደብቆ እንደተቆጠረ ሲያውቅ ግን በሆትስፖት ይሄድባችኋል።

ከዚህ በላይ መሄድ የሚፈልግ ሰው «ኦፕንደብሊውአርቲ» (OpenWrt) የተባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የሚቀበል ራውተር ፈልጎ «ኤንኤልቢደብሊውሞን» (nlbwmon) የተባለውን ቢጭንበት፣ የእያንዳንዱን ዕቃ የቀንና የወር ፍጆታ ራሱ ይመዘግብለታል። ማይክሮቲክ የተባለው ራውተር ያለው ደግሞ «ቶርች» የሚለውን ከፍቶ የአሁኑን በቀጥታ ያያል። ከአቅራቢው የመጣ የፋይበር ሳጥን ላይ ግን ሌላ ሶፍትዌር ለመጫን አትሞክሩ፤ መስመሩ ራሱ ሊቋረጥባችሁ ይችላል። የራሳችሁን ራውተር ገዝታችሁ ከሳጥኑ ኋላ በኬብል መቀጠል ይሻላል።

ሁሉንም አድርጋችሁ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ ጠፍተው፣ መስመሩ አሁንም የከፈላችሁበትን ካልሰጠ ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር በኬብል አገናኙና ለኩ። በኬብል ሞልቶ በዋይፋይ ከጎደለ ችግሩ የቤታችሁ ግድግዳ ወይም የራውተሩ ቦታ ነው። በኬብልም ከጎደለ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ የለካችሁትን ከነሰዓቱ ጽፋችሁ ወደ አቅራቢያችሁ ደውሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ነው። «ኔት ቀርፋፋ ነው» ከማለት ይልቅ «በኬብል፣ ሌላ ዕቃ ሳይገናኝ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከ10 ሜጋቢት 3 ነው የሚመጣው» በሏቸው፤ ቴክኒሻኑ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁን ሁሉ መልሳችሁለታል።